ጠመንጃው እስኪበርድ

ሥራዬ የሴቶችን ሰውነት መዳበስ ነበር። እንዲህ ሲባል ደስ አይልም፤ ግን ሌላ ስም የለውም። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ፣ ከዋናው በር አጠገብ በቆርቆሮ የተሠራች የፍተሻ ክፍል ነበረች። አመሻሽ ላይ የቀን ሠራተኞቹ ሲወጡ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ እኔ ይገባሉ። ስንዴ ሲያበጥሩ፣ ጆንያ ሲሰፉ፣ ወለል ሲጠርጉ የዋሉ፣ እስከ ቅንድባቸው በዱቄት የነጡ ሴቶች። እጄን በብብታቸው፣ በጡታቸው ሥር፣ በወገባቸው ዙሪያ አሳልፋለሁ። አንዳንዷ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። አንዳንዷ "ቶሎ በይ እንጂ፣ ልጅ ጥዬ ነው የመጣሁት" ትለኛለች። አንድ ቀን አንዲት የምታጠባ ሴት ወተቷ ልብሷን አርሶት ኖሮ እጄን ነካኝ። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ነበረች። እሷ! እኔን! ያን ዕለት ከዚያች ክፍል እወጣለሁ ብዬ ወሰንኩ።

መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ በሩ። የበር ጥበቃ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና ያያል፣ ሸራ ያስገልጣል፣ እንግዳ ያናግራል። የማንንም ጡት አይዳብስም። በር ላይ ለመቆም ግን ጠመንጃ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጠመንጃ ለመያዝ ደግሞ በየዓመቱ የሚደረገውን የተኩስ ፈተና ማለፍ። በፋብሪካው ውስጥ ይህን ፈተና ያለፈች ሴት አልነበረችም። ደንብ ስለሆነ እኛን ሴት ጥበቃዎቹንም ይወስዱናል፤ ልማድ ስለሆነ ደግሞ እንወድቃለን።

በመጀመሪያው ዓመት ከተኮስኳቸው ጥይቶች ካርቶኑን የነካው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ጠርዙን። የጥበቃዎቹ አለቃ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ሁላችንም ሃምሳ አለቃ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ በአዳማ ሙቀት ሹራብ የማያወልቁ ሰው ናቸው። ካርቶኑን አይተው፣ "ሴት ልጅ ስትተኩስ ዓይኗን ትጨፍናለች" አሉ። በክፋት አላሉትም። ነገ ፀሐይ ትወጣለች እንደሚል ሰው ነው ያሉት። በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ እጣላቸዋለሁ።

ክፋት ስላልነበረበት አመንኳቸው። ቤቴ ገብቼ በግራ እጄ ጡብ ይዤ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ሰዓት እያነጣጠርኩ መቆም ጀመርኩ። እናቴ መጀመሪያ ያመመኝ መስሏት ነበር። እናቴ የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ ናት፤ ሟቹ አባቴ መምህር ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ከመጥረቢያ የከፋ ነገር ገብቶ አያውቅም።

"ዲፕሎማሽን ይዘሽ ጠመንጃ?" አለችኝ ነገሩን ስነግራት።

"ዲፕሎማው ሥራ አላመጣም፣ እማዬ።"

"ጠመንጃ ባለበት ቤት አልጸልይም!"

"ጠመንጃው እኮ ፋብሪካ ነው የሚያድረው። እዚህ የማድረው እኔ ነኝ።"

ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። በሚቀጥለው እሑድ ግን አንዲት የቡድኑ አባል "ልጅሽ ጠመንጃ ልትይዝ ነው አሉ፣ እንዴት ትፈቅጃለሽ?" ስትላት፣ እናቴ ዓይኗን ሳታሽ፣ "ሰው ስትዳብስ ከምትውል በር ብትጠብቅ አይሻልም? በር ጠባቂ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም አለ" ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ ጡቡን ስይዝ "ክንድሽ ወረደ" እያለች ታርመኝ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመትም ወደቅኩ። ያኔ ነው ሃምሳ አለቃ ዘንድ ሄጄ ጠመንጃ መወልወል እንዲያስተምሩኝ የጠየቅኳቸው።

"ለምን ፈለግሽው?" አሉኝ።

"ሁለት ጊዜ የጣለኝን ነገር ላውቀው ነዋ።"

ትንሽ አዩኝና "ቅዳሜ ነይ" አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጥበቃዎቹ ክፍል ወለል ላይ ጆንያ ዘርግተን ክላሹን እንፈታታለን። መልካም አስተማሪ ነበሩ፤ ይህን ልነፍጋቸው አልችልም። እያንዳንዱን ብረት መዳፌ ላይ ያስቀምጡና ስሙን ያስጠሩኛል። ዓይኔን ጨፍኜ እንድገጥመው ያደርጉኛል። ስሳሳት አይቆጡም፣ "እንደገና" ብቻ ነው የሚሉት። አንድ ቅዳሜ የግራ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ከመዳፋቸው መሀል እስከ ትንሿ ጣታቸው ድረስ ቆዳው ተጨማዶ ያብረቀርቃል።

"ይሄ የአፈሙዝ ሥራ ነው" አሉ። "ብዙ ሲተኮስ ብረቱ እንደ ምጣድ ይግላል። የጋለ አፈሙዝ ጥይቱን እንደ ሰካራም ነው የሚያስኬደው። ከላዩ የሚነሳው ሙቀት ደግሞ ዓይንሽን ያታልልሻል፤ ኢላማው ውሃ ውስጥ ያለ ይመስልሻል።"

"ታዲያ ምን ይደረጋል?"

"ጊዜ ካለሽ ታበርጂዋለሽ። ካዝናውን ታወጪያለሽ፣ መቀባበያውን ወደ ኋላ ስበሽ እንዳይመለስ እንጨት ትወትፊበታለሽ፣ አየር በውስጡ እንዲያልፍ ትተይዋለሽ። ውሃ እንዳታስነኪው። ጊዜ ከሌለሽ ዕድልሽ ነው።"

ይህን ሲነግሩኝ ሁለታችንም ስለ ፈተናው አላሰብንም። እሳቸው ስለ ጦር ሜዳ ነበር የሚያወሩት፤ እኔም የማዳምጠው ስለ ጦር ሜዳ ነበር።

የሦስተኛው ዓመት ፈተና የደረሰው በጋው በጠናበት ወር ነው። የተኩስ ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቀይ አሸዋ ተቆፍሮ ያለቀበት ሰፊ ጉድጓድ ነበር። በፋብሪካው አይሱዙ ላይ ተጭነን ስንደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። አዳማ ነፋስ አጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ጉድጓዱ ውስጥ ቅጠል አይንቀሳቀስም፣ ወዲያ ማዶ ጋራው ላይ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች እንኳን ክንፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

ለወንዶቹ ሦስት ጠመንጃ ተሰጠ። ለእኛ ለሴቶቹ አንድ። ያለፉት ዓመታትም እንደዚያው ነበር፤ እኔ ግን ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው። ወንዶቹ አንዱ ተኩሶ ሲነሳ ሌላኛው ሌላ ጠመንጃ ያነሳል። የተተኮሰበት ጠመንጃ ሳጥን ላይ ተጋድሞ ያርፋል። የእኛ ግን ከእጅ ወደ እጅ ነው። አንዷ ካዝናዋን ጨርሳ ሳትነሳ ሌላዋ አጠገቧ ትተኛለች፤ ሦስተኛዋ ከኋላ ትጠብቃለች። ማንም ተንኮል አስቦ ያደረገው አይመስለኝም። ማንም ምንም አላሰበም። እስካሁን የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። ከእኔ በፊት ተራው የደረሳቸው አዳዳ የምንላቸው ሴት ነበሩ። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። የሁሩታ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው ከጨረሱ በኋላ "ባዶ ቤት ከምጠብቅ ፋብሪካ ልጠብቅ" ብለው የተቀጠሩ፣ ሂጃባቸው ላይ የጥበቃ ኮፍያ የሚደፉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሴት። ተኝተው ጠመንጃውን ሲያስተካክሉ የግራ እጃቸው ከእንጨቱ አልፎ ብረቱን ጨበጠ።

"ያ ረቢ!" ብለው ጮኹ። ጠመንጃው አሸዋው ላይ ወደቀ።

"አንሺው! ጠመንጃ አይጣልም!" አሉ ሃምሳ አለቃ ከኋላ።

አዳዳ እጃቸውን በሂጃባቸው ጫፍ ጠቅልለው አነሱት። ተኮሱም። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ትከሻቸው ሲሰበሰብ አየሁ። ጥይቶቹ ከካርቶኑ በላይ ያለውን ጉብታ እየመቱ ቀይ አቧራ አስነሱ። ውጤት እንዲመዘግብ የተጋበዘው ፖሊስ፣ ሆዱ ወጣ ያለ ረጋ ያለ ሰው፣ ቀና ብሎ አየና "ወድቀዋል" አለ። አዳዳ ተነሥተው መዳፋቸውን አዩት። ውሃ ቋጥሮ ነበር።

"ቀጣይ!" አሉ ሃምሳ አለቃ።

ሄጄ ተኛሁ። ጉንጬን ሰደፉ ላይ ሳስጠጋ ወላፈኑ ፊቴን መታኝ። የእንጨቱ ቅባት ይሸታል። በማነጣጠሪያው ሳይ ካርቶኑ የለም፤ በቦታው የሚርገበገብ፣ የሚያብጥ፣ የሚሟሽሽ ነገር አለ። ያለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር። የዚያ ሁሉ ወር ጡብ፣ ክንዴ እየዛለ የቆምኩት ሁሉ፣ ለካ የጣለኝ እጄ አልነበረም! ዓይኔም አልነበረም።

ጣቴን ከቃታው አነሳሁ። ካዝናውን አወጣሁ። መቀባበያውን ስቤ አጠገቤ የወደቀች የግራር ስንጥር ወተፍኩበት። ጠመንጃውን አሸዋ የተሞላው ጆንያ ላይ አጋድሜ ቁጭ አልኩ።

"ምን ሆንሽ?" አሉ ሃምሳ አለቃ።

"እስኪበርድ እጠብቃለሁ።"

ከጉድጓዱ ዳር ካለው ግራር ጥላ ሥር ሆነው ሲያወሩ የነበሩት ወንዶች ወደ እኔ ዞሩ።

"ማን ጠብቂ አለሽ?"

"እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። የጋለ አፈሙዝ ጥይቱን እንደ ሰካራም ያስኬደዋል ብለውኛል።"

ፊታቸው ጠቆረ። "እሱ ሌላ ነገር ነው። ነይ ተኩሺ፤ ሰው አታስጠብቂ። ጠላት ሲመጣ 'ቆይ ጠመንጃዬ ይብረድ' ትይዋለሽ?"

"እዚህ ጠላት የለም ሃምሳ አለቃ። ያለው ካርቶን ነው፤ ካርቶኑ ደግሞ የትም አይሄድም።"

አንዱ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ ዞረው ሲያዩት ሳቁን ዋጠው።

"ወንዶቹ ተኩሰው የለ?" አሉኝ። "አንዱ እንኳን ጋለ ብሎ አላለቃቀሰም።"

"ለወንዶቹ ሦስት ነው የሰጧቸው። ለእኛ ለሁላችን አንድ። የእነሱ ሲያርፍ ነው የዋለው። ይምጡና ይንኩት! የእነሱንም ይንኩ፣ ይሄንንም ይንኩ።"

አልመጡም። መምጣት አላስፈለጋቸውም፤ ያ የተጨማደደው መዳፋቸው ብረት ሳይነካ የሚያውቀው ነገር ነው። ያ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ። የማያውቁ ሰው ቢሆኑ አስረዳ ነበር። የሚያውቅን ሰው ምን ይሉታል?

ከወንዶቹ አንዱ፣ ክፋት የሌለበት ልጅ፣ የላስቲክ ውሃውን ይዞ መጣ። "አትጣዪ በቃ፤ ውሃ ላፍስበትና አሁኑኑ ይቀዘቅዛል" ብሎ ክዳኑን ከፈተ። እኔ "እንዳትነካው!" ስልና ሃምሳ አለቃ ከኋላው "አታፍስ!" ሲሉ አንድ ላይ ሆነ። ልጁ መሀላችን ተገትሮ ቀረ። ሃምሳ አለቃና እኔ ተያየን። እየተጣላን እንኳን ለዚያ ብረት ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነበርን። ልጁ ውሃውን ራሱ ጠጥቶ ተመለሰ።

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። "እኔ እንግዲህ መሄድ አለብኝ። አልተኮሰችም ብዬ ልጻፍ?"

"ይጻፉ" አልኩት። "ለምን እንዳልተኮስኩም ጨምረው ይጻፉ። ስድስት ሴት በአንድ ጠመንጃ፣ ሦስት ጠመንጃ ቁጭ ብሎ እያለ። እንደሱ አድርገው ይጻፉ።"

እስክሪብቶውን አንሥቶ ሃምሳ አለቃን አያቸው። ሃምሳ አለቃ መሬት መሬት ያያሉ። ፖሊሱ ምንም ሳይጽፍ መዝገቡን አጥፎ ጥላው ሥር ሄዶ ተቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። እናቴን ምን እላታለሁ? ልነሳ ይሆን እያልኩ ሳመነታ አንድ እጅ ትከሻዬን ተጫነኝ። አዳዳ ናቸው።

"ሂን ካኢን" አሉኝ፤ አትነሺ። "ታኢ፣ ተቀመጪ።" እሳቸውም ጉልበታቸውን እያሹ አጠገቤ ተቀመጡ። የተቃጠለ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው፣ ሁሉም እንዲያየው፣ ዘረጉት። ከዚያ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ሌሎቹ። ፈተናውን ወድቀው የጨረሱ፣ እኔ ባልፍ ባልወድቅ የሚያገኙት ነገር የሌለ ሴቶች፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ እየወረደች በአንድ ጠመንጃ ዙሪያ ተቀመጥን። ማንም አልዘመረም፣ ማንም አልፎከረም። አንዷ ብርቱካን ላጠችና አከፋፈለችን።

ሃምሳ አለቃ ብዙ ቆሙ። በመጨረሻ አንድ ድንጋይ ላይ ፊታቸውን ወደ ጉብታው አዙረው ተቀመጡ። ጥላ ውስጥ መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልሄዱም።

ነፋስ ስላልነበረ ረጅም ጊዜ ፈጀ። አልፎ አልፎ የእጄን ጀርባ ወደ ብረቱ አስጠጋለሁ፤ ገና ነው። እንደገና እሞክራለሁ፤ ገና ነው። በኋላ ግን እጄን አሳርፌበት ቆየሁ፤ ለብ ብሏል። ስንጥሩን አወጣሁ፣ ካዝናውን ገጠምኩ፣ ተኛሁ። ካርቶኑ በቦታው ነበር። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ መሀሉ ጥቁር፣ ዝም ብሎ የቆመ ካርቶን።

ተኮስኩ። ከጥቂት ጥይት በኋላ ሙቀቱ ጉንጬን መንካት ሲጀምር ካዝናውን አውጥቼ፣ ስንጥሩን ወትፌ እንደገና ቁጭ አልኩ። ከጥላው ሥር ፉጨት ተሰማ። "እራት እዚሁ ነው የምንበላው!" አለ አንዱ። "ብላ!" አልኩት ዞር ሳልል። ሲበርድ ተኮስኩ፤ ሲግል አበረድኩ፤ እንደገና ተኮስኩ። ቸኩዬ ለማንም ደስታ አልሰጥም ብዬ ነበር፤ አልሰጠሁምም።

ፖሊሱ ወደ ካርቶኑ ሄዶ ቆየ። ሲመለስ "አልፋለች" አለ፤ ድምፁ ውስጥ መገረም አልነበረም፣ እፎይታ እንጂ። ጥቂቶቹ ከጥቁሩ ውጭ ነበሩ፣ አንዱም ጭራሽ ካርቶኑን ስቷል። ተአምር አልሠራሁም። አለፍኩ፣ ያ ብቻ ነው።

ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ እኔ ወደ ሃምሳ አለቃ ሄድኩ። "አዳዳም ይድገሙ። እጃቸው የተቃጠለው በጠመንጃው ነው።"

"ያለቀ አልቋል" አሉ።

"አላለቀም!"

"ጥይቱ አልቋል!" አሉ፤ ባዶውን ሳጥን በእግራቸው ገፉት። እውነት ነበር፤ አልቋል። አይሱዙው ላይ ስንወጣ አዳዳ "አብሽሪ" አሉኝ፣ "የዓመት ሰው ይበለን።" ማለፌን ያጣጣምኩት ቤት ገብቼ እናቴ የያዘችውን ዕቃ ጥላ ስታቅፈኝ ነው።

በር ላይ የቆምኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ ተረኛውን ልቀይር ስሄድ ሰውዬው ጠመንጃውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦልኝ መንገድ ጀመረ። ወንዶቹ እርስ በርስ ሲቀያየሩ በእጅ ነው የሚሰጣጡት፣ ካዝናውን አሳይተው።

"ወንድሜ፣ በእጄ ስጠኝ" አልኩት።

"ያው አለልሽ አይደል?"

"ካልተረከብኩ ተረኛው አንተ ነህ። እኔ እዚህ ቆሜ አያለሁ።"

ታክሲ እንዳያመልጠው ቸኩሏል፤ እኔ አልቸኮልኩም። ቆምን። ስንዴ የጫነ መኪና ገባ፤ የከፈተለት እሱ ነው። በመጨረሻ እያጉረመረመ መጥቶ ካዝናውን አሳየኝና በእጄ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ላይ ያስቀመጠልኝ ሰው የለም።

የቆርቆሮዋ ክፍል ግን አሁንም አለች። ሌላ ሴት ገባችባት። ማታ ማታ የሴቶቹ ሰልፍ ከአጠገቤ ይጀምራል፤ ቆሜ ማየት ብቻ አይደለም፣ ለሥራ አስኪያጁም ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። "እናስብበታለን" ይለኛል። እኔም ደጋግሜ እናገራለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት የተኩስ ሜዳው ላይ ለሴቶቹ ሁለት ጠመንጃ ተሰጠ። ማን እንዳዘዘ አልተነገረም። ሃምሳ አለቃ አንደኛው ሲተኮስ ሌላኛው ክፍት ሆኖ እንዲያርፍ ራሳቸው ስንጥር ሲወትፉ አየሁ። ያን ዓመት ከሴቶቹ ሁለቱ አለፉ።

አዳዳ ከወደቁት ውስጥ ነበሩ። በቀዘቀዘ ጠመንጃ፣ በዳነ እጅ፣ ጥይቶቻቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ረጩአቸው። ካዝናቸው ገና ሳያልቅ ማለፍ እንደማይችሉ ታወቀ። ፖሊሱ፣ ያው ያለፈው ዓመት ፖሊስ፣ በትህትና "ይበቃል እናቴ፣ ይነሡ" አላቸው።

አዳዳ ቀና ብለው አዩት። "ዓይኔ ደክሟል፣ አውቄዋለሁ" አሉ። "አምና የጣለኝ ጠመንጃው ነው። ዘንድሮ የወደቅኩት እኔው ራሴ ነኝ። የቀሩትን ጥይቶች ግን አልመልስም።"

"ምን ያደርጉልዎታል?"

"የኔ ናቸው" አሉና ጉንጫቸውን ወደ ሰደፉ መለሱ። ፖሊሱ ሃምሳ አለቃን አየ። ሃምሳ አለቃም "ተዋት፣ ትጨርስ" አሉት። አዳዳ ሳይቸኩሉ፣ በየመሀሉ እያረፉ፣ የቀሩትን ሁሉ ወደ ቀዩ ጉብታ ተኮሱ።